ተልባ የጠጣው ራዲያተር

ቅሬው ነጂባን «ድንጋይ ተሸክመሽ ይቅርታ ጠይቂ» ብሎ የፈረደባት እሁድ ጠዋት፣ የሰፈሩ ሰው በተሰበሰበበት ነው። ነጂባም እዚያው፣ ሰው ሁሉ እየሰማት፣ አልሸከምም አለች። በደሴ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ለቅሬ እንዲህ ያለ መልስ የሰጠ ሰው ተሰምቶ አያውቅም። ሌላው አገር እድር የሚለውን የወሎ ሰው ቅሬ ይለዋል፤ ድንኳንና ብረት ድስት የሚያበድር ማኅበር ብቻ የሚመስለው ካለ ግን ተሳስቷል። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በአንድ ዳኛ ስር ነው፤ ሬሳ የሚያነሳው፣ የተጣላ የሚያስታርቀው፣ ያጠፋ የሚቀጣው ቅሬው ነው። ጥፋቱ የከበደበት ሰው ድንጋይ ማጅራቱ ላይ ያደርግና አጎንብሶ ተበዳዩ ፊት ይቆማል። ተበዳዩ «አፉ ብያለሁ፣ ጣለው» እስኪል ድረስ ቀና ማለት የለም።

ተበዳይ የተባሉት የቅሬው ዳኛ ራሳቸው፣ ሀጂ ሙንዚር ነበሩ። ከሳሹም ዳኛውም አንድ ሰው መሆኑን ያነሳ አልነበረም። ሀጂ ሙንዚር ቃላቸው የማይታጠፍ፣ ሰፈሩን ለዓመታት ሲያስታርቁ የኖሩ ሽማግሌ ናቸው፤ ይህን ነጂባም አትክድም። በወጣትነታቸው በአሰብ መንገድ ኤንትሬ የሚባለውን የጭነት መኪና ይነዱ ነበር። ይህን የማያውቅ ሰው ካለ አጠገባቸው ተቀምጦ የማያውቅ ብቻ ነው። የመኪና ወሬ ከተነሳ እሳቸው ባሉበት ሌላ ሰው አፉን አይከፍትም። ነጂባ ደግሞ ትከፍታለች።

ነጂባ አረብ አገር ለዓመታት የሰው ቤት ስትጠርግ ኖራ፣ ይዛ በመጣችው ገንዘብ ያረጀች ረጅም ላንድክሩዘር የገዛች ሴት ናት። ሱቅ ክፈቺ ያላት ነበር፣ ባል አግቢ ያላት ነበር። እሷ መንጃ ፈቃድ አወጣች። ከሰኞ ገበያ ወደ ቦሩ ሜዳ ገበሬውን ከነበጉ፣ በሽተኛውን ከነአስታማሚው ትጭናለች። በራሷ ስም የቅሬ አባል ስለሆነችም ቀብር ሲኖር ለቀስተኛውን በነጻ ታመላልሳለች። እናቷን እማማ ለይላን የምትጦረው በዚህችው መኪና ነው። ያን ሰሞን መኪናዋ ግቢ ውስጥ ቆማ ነበር፤ ራዲያተሯ ተደፍኗል።

የተደፈነው በተልባ ነው። ነጂባ አንድ ቀን ለቅሶ ደራሾችን ጭና ከቦሩ ሜዳ በኩል ስትመለስ ራዲያተሩ ማንጠባጠብ ጀመረ። ቀስ ብላ ደሴ ገብታ ለማስበየድ አስባ ነበር። ሀጂ ሙንዚር ግን ከፊት ወንበር ወረዱ፣ ኮፈኑን አስከፈቱ፣ አዩና ሳቁ። በአሰብ በረሃ የሚያፈስ ራዲያተር በተልባ ነበር የሚደፈነው ብለው ከመንገድ ዳር ቤት አንድ ጣሳ የተፈጨ ተልባ አስመጡ። ነጂባ ይቅርብኝ አለች፤ አንዴም ሁለቴም አለች። መኪና ሙሉ ሰው እያየ የሽማግሌ እጅ ይዞ ማስቆም ግን አልሆነላትም፣ እሳቸውም ጣሳውን ገለበጡት። ተልባው እንደ ልማዱ አበጠ፣ ተለጠፈ፣ ፍሳሹም ቆመ። ተሳፋሪው ማሻአላህ አለ። ሀጂ ሙንዚር ደሴ እስኪገቡ ድረስ ስለ አሰብ አወሩ።

ተልባ ግን ቀዳዳውን ደፍኖ አርፎ የሚቀመጥ ነገር አይደለም። ሞተሩ በሞቀ ቁጥር ይቀቀላል፤ በራዲያተሩ ቀጫጭን ቱቦዎች ውስጥ እንደ ሙጫ ይደርቃል። ውሃው የሚያልፍበት መንገድ እየጠበበ፣ የሙቀቱ ጌጅም ከወትሮው ከፍ እያለ ሄደ። ነጂባ ላሳጥበው ብላ ቀን እየቆረጠች ሳለ የሀጂ ሙንዚር እህት ወይዘሮ ፈትሂያ ኮምቦልቻ፣ ልጃቸው ቤት ሳሉ ሞቱ።

ጀናዛው ደሴ መጥቶ፣ በቀትሩ የዙህር ሶላት ተሰግዶበት፣ ከአባት ከእናታቸው ጎን እንዲቀበር ተባለ። ነጂባ ጀናዛውን ከነቃሬዛው ጫነች፣ ሀጂ ሙንዚርም አጠገቡ ተቀመጡ። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ያለው ዳገት ጤነኛውን ሞተር እንኳ ያስለከልካል። ግማሹን እንደወጡ ጉድ ፈላ፤ ላንድክሩዘሯ እንፋሎቷን ተፍታ መታጠፊያው ላይ ቀጥ አለች። ሌላ መኪና ተለምኖ፣ ጀናዛው ተዛውሮ መቃብሩ ጋ ሲደርስ ጀምበር ልትጠልቅ፣ መግሪብ ተቃርቦ ነበር። ቀባሪው ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆሞ ዋለ። የጭነት መኪና ባለፈ ቁጥር ነፋሱ የቃሬዛውን ጨርቅ ሲያነሳው፣ ሀጂ ሙንዚር ጨርቁን በሁለት እጃቸው ይዘው መንገድ ዳር ቆመው ነበር። ነጂባ ያንን አይታለች፤ አልቅሳለችም። ጥፋቱ የኔ ነው ማለት ግን ሌላ ነገር ነው።

በስብሰባው ላይ ስለ ተልባው ተናገረች። ሀጂ ሙንዚር አልካዱም፤ ጨምሬያለሁ አሉ። ነገር ግን ተልባ የሰው አንጀት የሚያጥብ እህል ነው፣ ብረት አይደፍንም፣ መኪናዋን ያቆማት የባለቤቷ ቸልታ ነው ብለው ወላሂ አሉ። ሰው ሳቀ። ተልባ ጠጥቶ የታመመ መኪና አላየንም ያለም ነበር። ዓይኗን በጨው አጥባ ሽማግሌ ላይ ታላክካለች ተባለች። ፍርዱም ወጣ፤ እስከሚቀጥለው እሁድ ድንጋዩን ካልተሸከመች ከነቤተሰቧ ከቅሬ ትወጣለች፤ እስከዚያውም እሳትና ውሃ የሚሰጣት፣ ሰላም የሚላት አይኖርም።

«ድንጋዩ ከብዶኝ አይደለም» አለች ነጂባ። «ያላጠፋሁትን ግን አልሸከምም።»

በማግስቱ ጀሪካኗን ይዛ ወደ ጎረቤቷ ወደ ብዙዬ ሄደች። የሰፈሩ ስም ቧንቧ ውሃ ቢሆንም የነጂባ ግቢ ቧንቧ የለውም፤ በፈረቃ የምትመጣዋን ውሃ ስትቀዳ የኖረችው ከብዙዬ ነው። ብዙዬ ክፉ ሴት አይደለችም። በሩን ገርበብ አድርጋ፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ፣ እኔም እናት አለችኝ ነጂ፣ ነገ ማን ይቀብርልኛል አለቻትና ዘጋችው። ነጂባ አልፈረደችባትም። ንዴቷ በሌላ ነበር። ሰውን በሬሳው አስፈራርቶ ማስጎንበስ ምን የሚሉት ዳኝነት ነው እያለች ለብቻዋ እየተሟገተች፣ ባዶ ጀሪካኑን በእግሯ እየመታች ወደ ቤቷ ተመለሰች። ከዚያ ወዲያ ውሃ የምታመጣው ከሌላ ሰፈር፣ የታሸገውን እየገዛች ሆነ።

ሰላምታውም ቀረ። ነጂባ እናቷን ሐኪም ቤት ያደረሰችላት ሴት መንገድ ቀየረች፤ ልጁን ስትድር በነጻ ሰው ያመላለሰችለት ሰው ስልኩን የሚያይ መሰለ። ነጂባ ለሁሉም ጮክ ብላ አሰላሙ አለይኩም ትላለች፣ ጤና ይስጥልኝ ትላለች። መልስ ባታገኝም በማግስቱ ትደግመዋለች።

የባሰው ግን ቤቷ ውስጥ ነበር። እማማ ለይላ አርጅተዋል፣ ልባቸውም ደክሟል፤ ሐኪሙ ለነጂባ ለብቻዋ የነገራት ነገር ደግ አልነበረም። ዕድሜያቸውን ሙሉ የሰፈሩ ለቅሶ አምልጧቸው አያውቅም። በዝናብም ሄደዋል፣ ታመውም ሄደዋል፤ ያን ሁሉ ሲሄዱ የራሳቸውን ቀን እያሰቡ ነበር። አሁን አልጋቸው ላይ ሆነው ልጃቸውን አስጠጓት።

«ተሸከሚው በቃ» አሏት። «አንድ ቀን ነው። ብቻዬን እንዳልቀበር፣ ልጄ።»

«ከተሸከምኩት እውነት ይሆናል እማ።»

«እውነቱን አላህ ያውቀዋል።»

«እሱማ ያውቃል። የማያውቀው ሰፈሩ ነው።»

እማማ ለይላ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ነጂባን ከሰፈሩ ሁሉ ኩርፊያ ይልቅ ይሄ አመማት። ከእናቷ በላይ የምትወደው ሰው በዚህ ምድር የላትም፤ እሳቸው ደግሞ የጠየቋት ትልቅ ነገር አልነበረም። አንድ ድንጋይ፣ አንድ ጠዋት። ከዚያ በኋላ ግን ጀናዛ መንገድ ላይ የጣለች ሴት ተብላ ትኖራለች፤ የፈለገ ሰው ሁሉ ኮፈኗን ከፍቶ የፈለገውን ይጨምራል፣ ሲበላሽም ድንጋዩ የሷ ይሆናል። ሁለቱንም ስታመዛዝን ሳምንቱ አለቀ። ቅዳሜ ጠዋት ተነስታ የመኪናውን ቁልፍ አነሳች።

ወደ ኮምቦልቻ ቁልቁለት ነው፤ ሞተሩ ብዙ ስለማይደክም ቀስ ብላ ከሄደች ያደርሳታል። ራዲያተሩ ግን ውሃ ይፈልጋል። ነጂባ መኪናዋን ከግቢ አውጥታ መንገዱ መሃል አቆመች፣ ኮፈኑን ከፈተች፣ ሰፈሩ በየበሩ ቆሞ እያያት የታሸገ የፋብሪካ ውሃ ጠርሙስ በጠርሙስ ገለበጠችበት። እንግዳ ሲመጣ ብቻ የሚከፈት ውሃ ነው። አንዲት ሴትዮ ያረቢ ስትል ሰማቻት። ነጂባ የመጨረሻውን ጠርሙስ ግማሹን ለራሷ ጠጥታ የቀረውን ለመኪናዋ ሰጠቻትና ሄደች።

ደምመላሽ ኮምቦልቻ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ራዲያተር የሚበይድ፣ ጣቶቹ በብየዳ የተለበለቡ፣ ወሬና ቀልድ የሚወድ ሰው ነው። መጀመሪያ ሞተሩ እስኪበርድ ድረስ ክዳኑን እንዳትነካ ከለከላት። ሲበርድ የታችኛውን መክፈቻ ፈታ። ከስር የወጣው መጀመሪያ ዝገት የመሰለ ውሃ ነበር፣ ቀጥሎ ወፈር ያለ ነገር እየተጎተተ መጣ። ደምመላሽ በጣቱ ዘግኖ አሸው፣ አሸተተው፣ ከዚያ ቀና ብሎ ነጂባን ከነሻርፗ አያት።

«መኪናሽ ሁዳዴ ይዛለች እንዴ?» አላት።

ነጂባ ከዚያች እሁድ ወዲህ ስቃ አታውቅም ነበር። አሁን ሳቋ መጣ፤ የመኪናዋን ጎን ተደግፋ እስኪያማት ሳቀች፣ ከሳቁም ውስጥ ትንሽ ለቅሶ ነበረበት። ከዚያ ነገሩን ከአንድ እስከ መጨረሻው አወራችው። ደምመላሽ ትላልቆቹን የጎማ ቱቦዎች እየፈታ፣ የቬንትሌተሩን መከለያ እያወጣ ሰማት። ተልባ የጠጣ ራዲያተር ስታመጣለት የመጀመሪያዋ እሷ እንዳልሆነች፣ ሽሮ የጨመረም፣ የእንቁላል አስኳል የጨመረም እንደሚመጣበት ነገራት። የሚጨምሩት ሁሉ ግን ለዚያች ቀን ብለው ነው፣ በማግስቱ ማሳጠቡን ይረሱታል አላት።

ራዲያተሩን አውጥቶ ሁለቱ ተሸክመው ጠረጴዛ ላይ አጋደሙት። የድሮ ናስ ስለሆነ ይከብዳል። ደምመላሽ የላይኛውን ጋን በእሳት አሙቆ ብየዳውን አላቀቀና አነሳው። ቱቦዎቹ ተደርድረው ታዩ፤ አፋቸው በተልባ ተሞልቶ፣ ተልባው ጠቁሮና ደርቆ፣ ፍሬው ግን ገና እየታወቀ። ሽቦ አስገብቶ ሊወጋ ሞከረ፣ ሽቦው ታጠፈ። ሌላውን ሞከረ፣ ይኸኛው ደግሞ ዝገት የበላውን ቱቦ በስቶ በጎን ወጣ። ይሄማ አልቆለታል አለ ደምመላሽ። ከተገለበጠ ላንድክሩዘር የወጣ ደህና ራዲያተር ነበረው፤ ውሃ ውስጥ ነክሮ፣ በንፋስ ሞልቶ፣ አረፋ አለመውጣቱን ካሳያት በኋላ ተስማሙ።

አዲሱን ግን ወዲያው አልገጠመውም። ተልባው ሞተሩ ውስጥም አለ፣ እሱ ካልታጠበ በሳምንቱ ይሄንንም ይደፍነዋል አላት። ሞተሩ ሲሞቅ ብቻ ተከፍቶ ውሃ የሚያሳልፈውን ቴርሞስታት አወጣው። ብዙ ሰው ይሄን አውጥቶ ይጥለዋል፤ እሱ አጥቦ ሊመልሰው ለብቻው አስቀመጠው። ከዚያ ከግቢው ቧንቧ ጎማውን ሳበና ውሃው ዘወትር ከሚሄድበት በተቃራኒው በኩል ለቀቀው።

ውሃው ወረደ። መጀመሪያ ጥቁር ሆኖ፣ ከዚያ ቡናማ፣ በየመሃሉ የተልባ ጓል እየተፋ ወረደ። ደምመላሽ ጎማውን አልዘጋም። ውሃው መሬቱን አልፎ፣ ቦይ ሰርቶ ወደ መንገዱ ሲወጣ ነጂባ ቆማ ታየው ነበር። ሳምንቱን ሙሉ አንድ ጀሪካን ውሃ ተነፍጋ፣ እናቷን ከጠርሙስ እያጠበች የሰነበተች ሴት ናት። እዚህ አንድ የማታውቀው ሰው ለመኪናዋ ሞተር ይሄን ሁሉ ውሃ ያፈስላታል። ውሃው አይበዛብህም ወይ ብላ ጠየቀችው።

«እስኪጠራ ነው» አላት ደምመላሽ። «ሲጠራ እዘጋዋለሁ።»

ጠራ። በእጁ ዘግኖ አሳያት። ራዲያተሩን ገጠመ፣ ቴርሞስታቱን መለሰ፣ ያረጁትን የጎማ ቱቦዎች ቀየረ፣ ማሰሪያቸውን አጠበቀ፣ ውሃ ሞላ። ክዳኑን ክፍት ትቶ ሞተሩን አስነሳ፤ አየሩ በአረፋ እየወጣ ውሃው ዝቅ ሲል እየሞላ ቆየ። ያንንም ሞተሩ ሲበርድ ደፍቶ እንደገና ሞላ፤ አሁን ከማቀዝቀዣው ፈሳሽ፣ ከኩላንት ጋር። ጌጁ መሃል ላይ ቆመ፤ ከዚያ ንቅንቅ አላለም።

የተነሳው አሮጌ ናስ ለበያጁ መቅረቱ የሥራው ልማድ ነው። ደምመላሽ ሊያነሳው ጎንበስ ሲል ነጂባ እጇን ራዲያተሩ ላይ አደረገች። ይሄን ይዤው ነው የምሄደው አለችው። ምን ይረባሻል አላት።

«ነገ ቅሬ አለብኝ።»

ደምመላሽ አንድ ጊዜ እሷን፣ አንድ ጊዜ ራዲያተሩን አየ። እሱም የቅሬ ሰው ነው፤ ድንጋይ ሲሸከሙ አይቷል። ቀልዱን ተወና ስለታሙን የቆርቆሮ ጠርዝ በጎማ ቁራጭ ጠቅልሎ በሽቦ አሰረላት፣ ማጅራቷን እንዳይቆርጣት። ቱቦዎቹን ግን አልጠረጋቸውም። ተልባውን አልነካሁብሽም ብሎ መኪናዋ ላይ ጫነላት።

ወደ ደሴ ስትመለስ ባዶዋን አልወጣችም። ከመናኸሪያው አጠገብ ተሳፋሪ ከነሸክሙ እስኪጨናነቅ ድረስ ጫነች። ላንድክሩዘሯ ዳገቱን ያዘችው። ነጂባ መንገዱንና ጌጁን እያፈራረቀች ታያለች። ጀናዛው የቆመበት መታጠፊያ ሲደርሱ ዳር ይዛ አቆመች። ተሳፋሪው ተንጫጫ፤ ፈላች እንዴ አሉ። አልፈላችም አለች። ሞተሩን ሳታጠፋ፣ እጆቿን ዘርግታ፣ ለወይዘሮ ፈትሂያ ነፍስ ፋቲሃ ቀራችላቸው። የሞቱት ሴትዮ ያጠፉባት ነገር አልነበረም። ከዚያ ማርሽ አስገብታ ወጣች።

እሁድ ጠዋት እናቷን አለበሰቻቸው። ልሸከም ነው እማ፣ አንቺም ነይና እይ አለቻቸው። እማማ ለይላ አልሀምዱሊላህ ብለው መረቋት፣ ነጩን ሻሻቸውን አስፈልገው አደረጉ፣ ተደግፈው ከመኪናው ፊት ወንበር ተቀመጡ። ነጂባ ከዚህ በላይ አልነገረቻቸውም። የቅሬው ድንኳን የተተከለበት ሜዳ ዳር መኪናዋን አቆመች፣ ወደ ኋላ ዞራ በሩን ከፈተች።

ሰው ሁሉ ሲያያት እፎይ አለ። ነጂባ አጎንብሳለች፣ ማጅራቷ ላይ ከባድ ነገር አለ፣ በሁለት እጇ ይዛ እየተራመደች ነው። መጣች፣ ይኸው እንዲህ ነው የሚሻለው ተባለ። ትከሻዋ ተቃጠለ፣ ዓይኗ የሚያየው የሰው ጫማ ብቻ ነበር። ጫማው እየተነሳ መንገድ ሰጣት። እየቀረበች ስትሄድ ሹክሹክታው ሌላ ሆነ። ሀጂ ሙንዚር ፊት ደርሳ ቆመች።

«ይሄ ድንጋይ አይደለም» አሉ ሀጂ ሙንዚር።

«ጀናዛውን መንገድ ላይ ያስቀረው ይሄ ነው ሀጂ» አለች ነጂባ እንዳጎነበሰች። «ድንጋይ ምን አደረገ።»

ማንም ጣዪው ሳይላት አወረደችው። የተከፈተውን በኩል ወደ እሳቸው አዙራ እግራቸው ስር አቆመችውና ቀና አለች። ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሰው ከየወንበሩ ተነስቶ አንገቱን አሰገገ። ከሴቶቹ በኩል ብዙዬ ወጣች። ማንንም ሳታስፈቅድ መጥታ ተንበረከከች፣ በጥፍሯ ከአንዱ ቱቦ ፈቅፍቃ አወጣች፣ አሸተተች። በየጾሙ ተልባ ስትወቅጥ የኖረች ሴት ናት። ተልባ ነው አለች፤ ሰው ሁሉ እንዲያይም መዳፏን ዘርግታ ዞረች። ከዚያ ወደ ሴቶቹ አልተመለሰችም፣ ነጂባ አጠገብ ቆመች።

ሀጂ ሙንዚር ከወንበራቸው ወረዱ። ጣታቸውን ቱቦዎቹ ላይ አሳለፉ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ። መኪና የሚያውቁ ሰው ናቸው፤ ውሃ በዚያ እንደማያልፍ ለማወቅ ማንም ሊያስረዳቸው አላስፈለገም። ፊታቸው ላይ የነበረው ቁጣ ሲወርድ ነጂባ አየችው፤ ከቁጣው ስር የነበረውንም አየች።

«እህቴን መንገድ ላይ ያዋልኳት እኔ ነኛ?» አሉ ቀስ ብለው።

ነጂባ ሳምንቱን ሙሉ የተመኘችው ይህችን ሰዓት ነበር፤ አሁን ግን ምላሷ ከበዳት። ብትተወው ይተዋል፣ ሁሉም ሰው እንድትተወው እየጠበቀ ነው። እሷ ግን መኪናው ውስጥ የተቀመጡትን እናቷን አሰበች።

«አዎ፣ ሀጂ» አለች። «እርስዎ ነዎት።»

የቅሬው ሹማምንት ተነሱ፣ ነገሩን ሊያበርዱ። የሸይጧን ሥራ ነው፣ ሁላችንም እንሳሳታለን፣ በዱዓ እንዝጋውና እንነሳ አሉ። አንዱማ እጁን ለዱዓ ዘርግቶ ነበር።

«በኔ ስትፈርዱ ሸይጧን የሚባል አልተነሳም» አለች ነጂባ። «ደንብ ነው ያላችሁኝ። ደንብ ከሆነ ለሁላችን ይሁን።»

ሰውዬው እጁን መለሰ። ጉምጉምታ ተነሳ፤ ልጅቷ አበዛችው ያለም ነበር፣ ሐቋን ነው ያለም ነበር። ሀጂ ሙንዚር ግን እጃቸውን አንስተው ሁሉንም ዝም አሰኙ። ሐቅ ነው አሉ። ኩፊያቸውን አስተካከሉ፣ አጎነበሱና ራዲያተሩን ያዙት፣ አልተነሳላቸውም። ጎረምሶች ሊያስጥሏቸው ሮጡ። አትከልክሉኝ፣ ይልቅ አንሱልኝ ብለው ተቆጡ። እየፈሩ አነሱና ማጅራታቸው ላይ አደረጉላቸው። ሽማግሌው ተወላገዱ፣ ከዚያ ጸኑ። ወደ ነጂባ ዞሩ።

«ለኔ አይደለም» አለቻቸው ነጂባ። «እኔ ሰምቼ ችያለሁ። ቀባሪ የለሽም የተባለችው እናቴ ናት።»

መኪናው ሜዳው ዳር ነው። ሀጂ ሙንዚር ዳኝነት የተቀመጡበትን ድንኳን አቋርጠው ወጡ፣ ሰውም ግራና ቀኝ ሆኖ ተከተላቸው። እማማ ለይላ በመኪናው መስኮት ሁሉን አይተዋል፣ ሁሉን ሰምተዋል። ሳምንቱን ሙሉ ግድግዳ ሲያዩ የሰነበቱት ዓይኖች አሁን አንድ ቦታ ተተክለዋል። ሀጂ ሙንዚርን ከልጅነታቸው ጀምሮ ያውቋቸዋል፤ የሀጂ እናት የሞቱ ጊዜ ለቅሶው ድንኳን ውስጥ ሰባት ቀን የተቀመጡት እማማ ለይላ ነበሩ። ከራዲያተሩ የቀረው የዛገ ውሃ በሽማግሌው ነጭ ጀለቢያ ላይ ይንጠባጠብ ነበር።

«ለይላ» አሉ ሀጂ ሙንዚር፣ ከስር ሆነው፣ ትንፋሻቸው እየተቆረጠ። «አፉ በይኝ።»

ሰው ሁሉ መልሱን ያውቀዋል። እማማ ለይላ ሰው አስቀይመው የማያውቁ፣ ገና ሳይለመኑ አፉ የሚሉ ሴት ናቸው። ነጂባም ያንኑ ጠብቃ፣ ሽማግሌውን ልታግዝ እጇን ወደ ራዲያተሩ ዘርግታ ነበር። እማማ ለይላ የልጃቸውን እጅ በመስኮቱ ያዝ አድርገው ወደ ኋላ መለሱት። ከዚያ ሀጂ ሙንዚርን አዩ።

«ትንሽ ቁም» አሏቸው።